ለበረራ ሲሙሌተር ኮምፒውተርና ኦፐሬቲንግ ሲስተም አመራረጥ፦ የአዳማን ሙቀት፣ መብራትና ኢንተርኔት ያገናዘበ ዝርዝር መመሪያ

ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሰው ገንዘብ ያጠራቅማል፣ በፈጣኑ መንገድ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ መገናኛ አካባቢ ከሚገኙ ሱቆች በአንዱ «ጠንካራ ነው» የተባለ ላፕቶፕ ይገዛና አዳማ ይመለሳል። ማታ ሲሙሌተሩን፣ ማለትም በኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን ማብረር የሚያስለምደውን ፕሮግራም፣ ሲከፍት አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ እንደ ፎቶግራፍ ቆሞ ይቀራል። እኔም በመጀመሪያው ግዢዬ እዚሁ ላይ ወድቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ «እባክህ እየው» ተብዬ የከፈትኳቸው ኮምፒውተሮች ታሪክም ከዚህ አይለይም። ገንዘቡ አላነሳቸውም፤ ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠባቸው። ዕቃው አስቀድሞ ተገዛ፣ ፕሮግራሙ ኋላ ተመረጠ።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይሠሩ። አንዱ ለሚቀጥለው መልስ ስለሚሰጥ ዘልላችሁ አትለፉ። ዋጋ አልጻፍኩም፤ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ በሚቀጥለው ወር ያሳስታችኋል።

አስቀድማችሁ አዘጋጁ

- ማስታወሻ ደብተርና የመለኪያ ሜትር።
- አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ። ውስጡ ሲፒዩ-ዚ፣ ጂፒዩ-ዚ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ እና ኤችደብልዩ ኢንፎ የተባሉትን ነፃ የመመርመሪያ ፕሮግራሞች፣ በተጨማሪም ፍላይት ጊር የተባለውን ነፃ ሲሙሌተር መጫኛ አስቀምጡ። ሁሉንም ከየአዘጋጆቹ ገጽ ብቻ አውርዱ።
- ሁለተኛ፣ ቢያንስ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ። ይህኛው ኡቡንቱ 24.04ን (በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራ ነፃ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ሳትጭኑ ለማስነሳት ነው።
- ኢንተርኔት ለመለካት ሦስት ቀን። ይህን ቀን የሚያሳጥር ሰው ኋላ በወራት ይከፍለዋል።

ደረጃ 1፦ ኢንተርኔታችሁን ለኩ

ፍጥነቱን በቀን ሦስት ጊዜ ለኩ፦ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት። ቁጥሮቹን በደብተር ጻፉ። አማካይ አታውጡ። ለውሳኔ የምትጠቀሙት ከማታዎቹ ዝቅተኛውን ነው፤ ከሥራና ከትምህርት ተመልሳችሁ የምትበሩት በዚያ ሰዓት ነውና።

በስልክ ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። በሰከንድ 10 ሜጋቢት ሳይቋረጥ ሲወርድ በአንድ ሰዓት ውስጥ 4.5 ጊጋባይት ይወስዳል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት ብቻ ካላችሁ ደግሞ 150 ጊጋባይት የሚያህል ፕሮግራም ለማውረድ 83 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ከሦስት ቀንና ሌሊት በላይ፣ ያውም መብራት አንድ ጊዜ እንኳ ካልሄደ።

ደረጃ 2፦ ሲሙሌተሩን ምረጡ

ለእኛ አገር ሁኔታ መታየት ያለባቸው ሦስት ናቸው።

*ፍላይት ጊር።* ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ይሠራል። ከሦስቱ ለአቅመ ደካማ ኮምፒውተር የሚራራው እሱ ነው። የመሬት ገጽታውን እየበረራችሁ በኢንተርኔት ሊያወርድ ይችላል፣ ወይም አስቀድማችሁ በቁራጭ ታወርዳላችሁ። ቁራጮቹ አሥር ዲግሪ በአሥር ዲግሪ የሆኑ ካሬዎች ናቸው። ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅ እና ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን ያለውን አንድ ካሬ ብታወርዱ አዳማን፣ አዲስ አበባንና ሐዋሳን በአንድ ላይ ታገኛላችሁ። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና መቀሌ ከዚያ በላይ ባለው የሰሜን ካሬ፣ ድሬዳዋ በጎን ባለው የምሥራቅ ካሬ ውስጥ ናቸው። የዓለምን ሁሉ ገጽታ ለማውረድ አትሞክሩ።

*ኤክስ ፕሌን 12።* የሚከፈልበት ነው። እሱም በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ይሠራል። አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መብረር ይቻላል፤ መጫኛው ካርታ አሳይቶ የምትፈልጉትን የዓለም ክፍል ብቻ እንድትመርጡ ይፈቅዳል። የጊዜ ገደብ ያለው ነፃ የሙከራ ቅጂ ስላለው፣ ሙከራው ኮምፒውተራችሁ ላይ ሳይሠራ ገንዘብ አትክፈሉ።

*ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር።* መልኩ ከሁሉም ያማረ ነው፤ የሚጠይቀውም የዚያኑ ያህል ነው። ሰዎች እዚህ ላይ በአንድ ቁጥር ሲሳሳቱ አያለሁ። የ2020ው እትም 150 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል፤ የ2024ቱ የሚጠይቀው 50 ጊጋባይት ነው። «አዲሱ ቀለለ» ብለው ይገዙታል። አልቀለለም። ዲስክ ላይ የነበረው ሸክም ወደ ኢንተርኔቱ ተዛወረ እንጂ። የ2024ቱ እየበረራችሁ ሳለ ገጽታውን ያወርዳል፤ በአዘጋጁ መሥፈርት ዝቅተኛው ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት፣ የሚመከረው 50 ነው። ራሙም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሚሞሪ) ቢያንስ 16፣ የሚመከረው 32 ጊጋባይት ነው። ለ2020ው ዝቅተኛው 5፣ የሚመከረው 20 ሜጋቢት ነው።

የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። የማታው ቁጥራችሁ በሰከንድ ከ20 ሜጋቢት በታች ከሆነ፣ ወይም በስልክ ዳታ የምትኖሩ ከሆነ ማይክሮሶፍትን ተዉት። ነገ አብራሪ ለመሆን የምታስቡና የማብረር ሥርዓትን መለማመድ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ኤክስ ፕሌንና ፍላይት ጊር ከበቂ በላይ ናቸው። ቤት ውስጥ የምትበሩት ሰዓት በበረራ መዝገብ አይያዝላችሁም፤ የሚቀርላችሁ የሥርዓቱ ልምድ ነው፤ እሱን ለማግኘት የሳተላይት ፎቶግራፍ አያስፈልግም።

*ማስጠንቀቂያ፦* ሁለቱ የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው የሚገዙት። ካርዱን ከባንካችሁ ጋር ሳትጨርሱ ኮምፒውተሩን በእነሱ ልክ አትግዙ። ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ ቅጂ በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁም አትቀበሉ፤ ቫይረስ አብሮ ይመጣል፣ ማሻሻያም አያገኝም።

ደረጃ 3፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ወስኑ

ማይክሮሶፍትን ከመረጣችሁ ውይይት የለም፤ ዊንዶውስ ነው። ሌሎቹን ሁለት ከመረጣችሁ ግን ምርጫ አላችሁ፣ ምርጫውንም የሚወስነው የፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል) ትውልድ ነው።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ከኤኤምዲ ራይዘን በኩል ባብዛኛው ከ2000 ተከታታይ ጀምሮ ያሉትን ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። በየሱቁ ተደርድረው የምናያቸው ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ 6ኛና 7ኛ ትውልድ ናቸው። ትውልዱን የምታነቡት ከሞዴል ቁጥሩ መጀመሪያ ነው፦ 7500 ቢል 7ኛ፣ 8250 ቢል 8ኛ፣ 1135 ቢል 11ኛ፣ 12450 ቢል 12ኛ።

ስለዚህ 7ኛ ትውልድና ከዚያ በታች ከሆነ ኡቡንቱ 24.04ን ወይም ሊኑክስ ሚንትን ጫኑ። ነፃ ናቸው፤ ኡቡንቱ 24.04 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ ማሻሻያ ያገኛል፤ ፍላይት ጊር በሁለቱም ላይ በደንብ ይሠራል።

ሊኑክስ የምትጭኑት እንዲህ ነው፦

1. ፋይሎቻችሁን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ያለዚህ ወደ ቁጥር 2 አትለፉ።
2. ከፍላሹ አስነሱና ሳትጭኑ «መሞከር» የሚለውን ምረጡ። ዋይፋይ፣ ድምፅና ጆይስቲክ (የማብረሪያ ዘንግ) መሥራታቸውን እዩ።
3. ከሠሩ ጫኑ። ስትጭኑ የላፕቶፑ ቻርጀር ከሶኬት አይነቀል።
4. የግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚስለው ክፍል) የኤኤምዲ ከሆነ ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሥራችሁ እዚህ ያልቃል። የኤንቪዲያ ከሆነ የተጨማሪ ድራይቨሮችን መስኮት ክፈቱና «የሚመከር» የተባለውን ምረጡ።
5. ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያልታወቀ ፕሮግራም የሚከለክል መቆለፊያ) ክፍት ከሆነ የይለፍ ቃል እንድታወጡ ይጠይቃችኋል። ጻፉት። ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ያልፋል። እንዳያልፋችሁ አንድ ቁልፍ ተጫኑ፣ «ኤንሮል» የሚለውን መስመር ምረጡ፣ የይለፍ ቃሉን አስገቡ።

ቁጥር 5 ላይ ደንግጠው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። ካለፋችሁ ድራይቨሩ አይነሣም፣ ሲሙሌተሩም በሰከንድ 5 ምስል እየሳለ ይንፏቀቃል። መፍትሔው ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና መጫንና ሰማያዊውን ገጽ በዚህ ጊዜ መያዝ ነው።

ማክ ያላችሁ፣ ኤም 1 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ ኤክስ ፕሌን 12 ጥሩ ሆኖ ይሠራል። ለዚህ ብላችሁ ማክ አትግዙ፤ ራሙ አይጨመርም፣ የማይክሮሶፍቱም ሲሙሌተር አይጫንበትም።

ደረጃ 4፦ ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ

አዳማ ለምትኖሩ መልሴ ዴስክቶፕ ነው። ምክንያቱን ላብራራ።

ሲሙሌተር እንደ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩንና ካርዱን ለሰዓታት በአንድ ጊዜ ያሠራል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያነሣው ሙቀት ያነሰ ነው። በዚያ ላይ የክፍሉ ሙቀት ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ ያልፋል። ደግሞ አቧራው አለ፤ ኮረብታው ላይ ተርባይኖችን የሚያዞረው ነፋስ አቧራውንም በየመስኮቱ ያስገባል። ቀጭን ላፕቶፕ ይህን ሁሉ አይችለውም። ሙቀቱ ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እናንተም «መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ መቆራረጥ ጀመረ» ትላላችሁ።

ተማሪ ሆናችሁ በየዓመቱ መኖሪያ የምትቀይሩ ከሆነ ላፕቶፕ ግድ ይሆናል። ያን ጊዜ ወፈር ያለ፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድና ሰፋፊ የአየር መውጫ ያለው ይሁን። ከዋናው ቻርጀር ጋር መሸጡንም አረጋግጡ። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው ዋት ላፕቶፑ ከሚጠይቀው ካነሰ ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ግን በግማሽ ኃይሉ።

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ካርድ መጨመር ጥሩ መንገድ ነው፤ ግን ሦስት ነገር ለኩ፦ ኬዙ ውስጥ ካርዱ የሚገባበትን ርዝመትና ቁመት በሜትር፣ የፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን) ዋት፣ ከፓወር ሰፕላዩ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን የካርድ ገመድ መውጣቱን። የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው፤ ቅርፁም የአምራቹ የራሱ ስለሚሆን በገበያ ባለው አይተካም። እንዲህ ከሆነ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውንና 75 ዋት ከማዘርቦርዱ የሚወስደውን ጂቲኤክስ 1650 ፈልጉ፤ ለጠባቡ ኬዝ አጭሩ ዓይነት አለ።

ደረጃ 5፦ ግራፊክስ ካርድ

በሲሙሌተሩ ልክ እንዲህ ምረጡ።

ለፍላይት ጊር ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው የኢንቴል ግራፊክስ የምስል ጥራቱ ተቀንሶ ይሠራል። ባለ 4 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ካገኛችሁ በምቾት ትበራላችሁ።

ለኤክስ ፕሌን 12 ካርዱ ቩልካን 1.3ን (ሲሙሌተሩ ካርዱን የሚያዝበት ቋንቋ) መደገፍ አለበት። ባለ 4 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1650 መነሻ ነው፤ ጥራቱን ዝቅ አድርጋችሁ። ባለ 8 ጊጋባይት አርኤክስ 6600 ወይም ባለ 12 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3060 ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ። የካርዱ ሚሞሪ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፤ ሲሞላ ሕንፃዎቹና የመንደርደሪያው መስመሮች ይደበዝዛሉ። የአርቲኤክስ 3060 የላፕቶፕ ዓይነት ስሙ አንድ ቢሆንም ሚሞሪው 6 ጊጋባይት ነው። ስም ብቻ አትጠይቁ።

ለ2024ቱ ማይክሮሶፍት ዝቅተኛው በይፋ ጂቲኤክስ 970 ወይም አርኤክስ 5700 ነው፤ የሚመከረው አርቲኤክስ 2080 ወይም አርኤክስ 5700 ኤክስቲ።

*የሐሰት ካርድ፦* የቆየ ካርድ ውስጡ ተቀይሮ በአዲስ ስም ይሸጣል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ የቀረበላችሁ ካርድ ሰማያዊው የቪጂኤ ሶኬት ካለው ተጠራጠሩ፤ የዚያ ትውልድ ቺፕ የቪጂኤ ምልክት በራሱ አያወጣም። ዊንዶውስ የተጭበረበረውን ስም አምኖ ያሳያችኋል። ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ፤ ብዙዎቹን ሐሰተኛ የኤንቪዲያ ካርዶች ለይቶ በስማቸው ፊት ሐሰተኛ መሆናቸውን ይጽፋል። ይህን ካያችሁ ዋጋ አትከራከሩ፣ ውጡ።

ደረጃ 6፦ ፕሮሰሰር

የሚለጠፈውን ወረቀት አትመኑ። እኔ የተታለልኩት እዚህ ነው። ሻጩ «አይ 7 ነው ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?» አለኝ፤ አልዋሸም፣ አይ 7 ነበር። ግን አይ 7-7500ዩ ነበር፣ ባለ ሁለት ኮር (ኮር በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው የሚያሰላ ክፍል ነው)። ጎኑ ላይ በርካሽ የተቀመጠው አይ 5-8250ዩ ባለ አራት ኮር ነበር። ቁጥሩን ሙሉውን ብጠይቅ ኖሮ ገንዘብ ተርፎኝ የተሻለውን እገዛ ነበር።

መጨረሻ ላይ ያለውን ፊደል አንብቡ። ዩ ማለት ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ፣ ኤች ማለት ለከባድ ሥራ የተሠራ ነው። ለኤክስ ፕሌንና ለማይክሮሶፍት ላፕቶፕ ስትገዙ ኤች ፈልጉ። የኮር ቁጥር ከስድስት በላይ ሲሆን ለሲሙሌተር የሚጨምረው ጥቅም እያነሰ ይሄዳል፤ ዋናው የበረራ ስሌት ባብዛኛው በአንድ ኮር ላይ ስለሚጫን የአንዱ ኮር ፍጥነት ይበልጣል። ስለዚህ አዲስ ትውልድ ባለ ስድስት ኮር ካረጀ ባለ ስምንት ኮር ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ራምና ዲስክ

ለፍላይት ጊር 8፣ ለኤክስ ፕሌን 16፣ ለ2024ቱ ማይክሮሶፍት 32 ጊጋባይት ራም ያዙ። ከአንድ ባለ 16 ይልቅ ሁለት ባለ 8 ይሻላል፤ በተለይ የራሱ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይሁን። የቆየውን ተሽከርካሪ ዲስክ ለፊልምና ለሰነድ አቆዩት።

ደረጃ 8፦ መብራት

ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ ሣጥን) አትክፈቱ። መብራት የሚሄድበት ቅጽበት ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ የሚመለስበት ይብሳል፣ ቮልቴጁ ሳይረጋ ይገባልና።

ዩፒኤሱ ላይ የተጻፈው ቪኤ ዋት አይደለም። በርካሾቹ ላይ በ0.6 አባዙት፦ 650 ቪኤ ወደ 390 ዋት፣ 1000 ቪኤ ወደ 600 ዋት ይሆናል። ኮምፒውተርና ስክሪን አብረው 300 ዋት የሚበሉ ከሆነ 650ው በጭንቅ ይይዛቸዋል፤ 1000ውን ግዙ። የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለማረፍ ሳይሆን በሥርዓት ለማጥፋት ተጠቀሙበት። ፍሪጅና ካውያ ከዚያው ሶኬት ላይ አይሰኩ። መብራት ሲመለስ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ አብሩ።

ደረጃ 9፦ ሱቅ ውስጥ ፈትኑ

የምትሄዱት ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ይሁን። ጠዋት በቅዝቃዜ የሚሠራ ኮምፒውተር ከሰዓት በኋላ ሊወድቅ ይችላል፤ መውደቁን ማየት ያለባችሁ ሳትከፍሉ ነው። ሻጩን አስቀድማችሁ «አንድ ሰዓት እፈትናለሁ» በሉት። የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ ሱቅ አለ።

1. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ላይ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የኮሩን ብዛት፣ የራሙን መጠንና ስንት ማስገቢያ እንደተያዘ ጻፉ።
2. ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ። የካርዱን ስም፣ ሚሞሪውን፣ ቩልካን ላይ ምልክት መኖሩን እዩ።
3. ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈቱ። የዲስኩን ጤንነት በመቶኛና ያገለገለበትን ሰዓት ያሳያል። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ዲስኩ ይቀየር ወይም ዋጋው ይቀነስ።
4. ኤችደብልዩ ኢንፎን ከፍታችሁ የሙቀት ገጹን ክፍት ተዉት።
5. ፍላይት ጊርን ጫኑና 20 ደቂቃ ሙሉ አብሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ተሰክቶ።
6. ተመልሳችሁ ከፍተኛውን ሙቀት አንብቡ። ፕሮሰሰሩ 95 ከነካ ወይም ካርዱ ከ87 ካለፈ ማራገቢያው ወይም ፓስታው (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ችግር አለበት። አስጠርጋችሁ እንደገና ፈትኑ።
7. የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በፍላሹ ሞክሩ። ጆይስቲክ የሚሰካው እዚያ ነው።
8. ከጻፋችሁት ጋር የሚስማማ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የፕሮሰሰሩና የካርዱ ሙሉ ቁጥር ይጻፍበት። «ኮምፒውተር አንድ» የሚል ደረሰኝ ስትመለሱ አያቆማችሁም።

ደረጃ 10፦ ቤት ስትደርሱ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ማሻሻያ፣ የካርዱ ድራይቨር፣ ዳግም ማስነሣት፣ ሲሙሌተሩ፣ በመጨረሻ ጆይስቲኩ። ተጨማሪ አውሮፕላኖችንና ገጽታዎችን በመጀመሪያው ሳምንት አትጫኑ። ሲበላሽ ያበላሸው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

ጥራቱን ከዝቅተኛው ጀምሩ። በሰከንድ የሚሳሉትን ምስሎች ቁጥር ሲሙሌተሩ እንዲያሳያችሁ አድርጉና አንድ አንድ መስመር ብቻ ከፍ እያደረጋችሁ 30 ላይ አቁሙ። ከ20 በታች ከወረደ ማረፍ አይቻልም፤ ኤክስ ፕሌን እንዲያውም የበረራውን ጊዜ ራሱን ያዘገየዋል፣ ሰዓታችሁና የአውሮፕላኑ ሰዓት አይገናኙም።

ጆይስቲክ ስትገዙ ዘንጉን በማዞር የአውሮፕላኑን ጅራት የሚቆጣጠር፣ የኃይል መስጫም ያለው ይሁን። ለብቻቸው የሚሸጡት መሪና ፔዳል ለጊዜው ይቆዩ።

ሲበላሽ

*ምስሉ ይቆራረጣል፣ ምክንያቱ አይታወቅም።* የስክሪኑን ጥራት በግማሽ ቀንሱ። በሰከንድ የሚሳሉት ምስሎች ቁጥር ከጨመረ ችግሩ ካርዱ ነው፤ ጥላን፣ ደመናንና የውሃ ነጸብራቅን ቀንሱ። ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው፤ የሕንፃና የሌሎች አውሮፕላኖችን ብዛት ቀንሱ። ይህን ሳትለዩ አዲስ ካርድ አትግዙ።

*መጀመሪያ ጥሩ ነው፣ ቆይቶ ይዘገያል።* ሙቀት ነው። አቧራውን አስጠርጉ፣ ላፕቶፑን ከአልጋና ከምንጣፍ ላይ አንሡ፣ ከኋላው በሁለት ጣት ከፍ አድርጉት።

*ካርዱ እያለ ሲሙሌተሩ በኢንቴሉ ግራፊክስ ይሠራል።* ዴስክቶፕ ከሆነ የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ ከካርዱ ላይ ሰኩ። ላፕቶፕ ከሆነ በዊንዶውስ የግራፊክስ ማስተካከያ ውስጥ ሲሙሌተሩን «ከፍተኛ አቅም» በሚለው መድቡት።

*ፍላይት ጊር ላይ ምድሩ ሁሉ ውሃ ሆኖ ይታያል።* ገጽታው አልወረደም። ካሬውን ያስቀመጣችሁበትን ማኅደር በማስጀመሪያው መስኮት ጨምሩ፣ ወይም ራሱ እንዲያወርድ ፍቀዱለት።

*ቦሌ ላይ ትንሿ ሴስና አውሮፕላን አልነሣ ትላለች።* ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ የነዳጅ መመጠኛው እስከ መጨረሻ ተገፍቶ ሳለ ሞተሩ በቀጭኑ አየር ውስጥ ነዳጅ ይበዛበትና ኃይል ያጣል። ፍሬን ያዙ፣ ሙሉ ኃይል ስጡ፣ መመጠኛውን ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሳቡ፤ የሞተሩ ዙር ሲጨምር ቆይቶ መቀነስ ሲጀምር ትንሽ መልሱትና ፍሬኑን ልቀቁ። መንደርደሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አትቸኩሉ፤ ፍጥነቱ ሲሞላ ትነሣለች።